ቁልፉን ማን ይያዘው? ስለ ስላይድ ሾው የጠየቃችሁኝ

ስለ ግል ድረ ገጽ ከጻፍኩ ወዲህ የመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፎቶ ናቸው። በተለይ ፎቶዎችን እያፈራረቀ ስለሚያሳየው ስላይድ ሾው። ደብዳቤዎቻችሁን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የአንዳንዶቹንም ቁጣ ቀነስ አድርጌዋለሁ። ረዥም ጽፎ አጭር መልስ ያገኘ እንዳይቀየመኝ።

ስላይድ ሾው ለመሥራት የግድ ኮድ መማር አለብኝ?

የለብዎትም። ድረ ገጹን የሚሠሩበት መሣሪያ የራሱ የፎቶ ማሳያ ሊኖረው ይችላል፤ መጀመሪያ እሱን ይሞክሩት።

አንድ ወጣት ከስልኩ 40 ፎቶ በቀጥታ ጭኗል። እሱ ጋ ቶሎ ይከፈታል፣ ጓደኞቹ ጋ ግን ይንቀራፈፋል። «ችግሩ ሰርቨሩ ነው አይደል?» ይላል፤ ድረ ገጹ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር ማለቱ ነው።

አይ ወንድሜ፣ ችግሩ አንተ ነህ። ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያነሳው ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ገደማ ነው። ፋይሉ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይሆናል። በ4 እንምታው፤ 40 ፎቶ 160 ሜጋባይት ሆነ። አንተ ጋ ቶሎ የሚከፈተው ብሮውዘርህ አንዴ አውርዶ ስላስቀመጠው ነው። ጓደኛህ ግን 160ውንም ከዜሮ ይጎትታል፤ ያውም ከመዳፍ በማትበልጥ ስክሪን ለማየት።

ረዥሙን ጎን 1600 ፒክስል አድርገው። ጄፔግ በሚባለው በተለመደው የፎቶ ፎርማት ሴቭ ስታደርግ ጥራቱን ከ75 እስከ 80 መካከል ምረጥ። አብዛኛው ፎቶ ወደ 300 ኪሎባይት አካባቢ ይወርዳል፤ አርባውም ተደምሮ 12 ሜጋባይት ቢሆን ነው። ስልክ ላይ ልዩነቱን ፈልገህ አታገኘውም። ኢርፋንቪውን የመሰለ ነጻ ፕሮግራም አርባውንም በአንድ ጊዜ ይሠራልሃል። ገጹን የምትሠራበት መሣሪያ «ሌዚ ሎዲንግ» የሚል ምርጫ ካለው አብራው፤ ያኔ ፎቶው የሚወርደው ተራው ሲደርስ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። ፎቶውን ገጹ ላይ አሳንሰህ ማሳየት ፋይሉን አያሳንሰውም፤ ሙሉው ይወርድና ነው የሚያንሰው። ደግሞ «ለድረ ገጽ 72 ዲፒአይ አድርገው» የሚሉህን አትስማ። ዲፒአይ ወረቀት ላይ በአንድ ኢንች ስንት ነጥብ እንደሚታተም የሚናገር የኅትመት ጉዳይ ነው። ድረ ገጽ የሚያውቀው ፒክስል ነው።

ከአይፎን የጫንኩት ፎቶ ለእኔ ይታያል፤ ሌላ ሰው ጋ ግን ባዶ ሳጥን ነው።

አይፎን ፎቶዎቹን የሚያስቀምጠው ኤችኢአይሲ በሚባል ፎርማት ነው። የአይፎኑ ብሮውዘር፣ አዲሱ ሳፋሪ፣ ያነበዋል፤ ክሮምና ፋየርፎክስ ግን ብዙ ጊዜ አያነቡትም። ወደ ጄፔግ ቀይረው ይጫኑ። ለወደፊቱ ደግሞ በስልክዎ ሴቲንግ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ውስጥ ገብተው «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ይምረጡ።

ኮምፒውተሬ ላይ ሁሉም ፎቶ ይታያል። ድረ ገጹ ላይ ስጭነው ሦስቱ ይጠፋሉ። አብጃለሁ።

አላበድክም። የሦስቱን ስም እይ፤ መጨረሻቸው፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው፣ በትልልቅ የላቲን ፊደል ሳይጻፍ አይቀርም፣ ኮድህ ላይ ደግሞ በትንንሹ። ዊንዶውስ ሁለቱን አይለያቸውም። አብዛኛው ሰርቨር ግን የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት ነው፤ ለእሱ የተለያዩ ፋይሎች ናቸው።

እግረ መንገዴን፣ ፋይሎቹን በአማርኛ ስለ ሰየማችሁ። አይከለከልም። ግን ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት፣ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አሠራር፣ አንድ የፊደላችን ሆሄ 3 ባይት ይወስዳል፤ ሊንኩ ሲገለበጥ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት 3 ምልክት ይሆናል። «ሰላም» የምትለዋ ባለ 3 ሆሄ ስም 27 ምልክት ሆና ትመጣለች። የፋይሉን ስም በትንንሽ የላቲን ፊደልና በቁጥር አድርጉት። አማርኛውን ሰው በሚያነብበት ቦታ፣ ከፎቶው ሥር ጻፉት።

አሁን ወደ ከበደኝ ደብዳቤ። አንዲት እህት በሞት የተለዩዋትን የአባቷን ፎቶዎች ሰብስባለች፤ 212 ናቸው። በየ3 ሰከንዱ በራሳቸው እንዲቀያየሩ፣ ከኋላ ሙዚቃ እንዲኖር፣ እያንዳንዱም እየተሽከረከረ እንዲገባ ትፈልጋለች። የምትጠይቀኝ የትኛው ፕለጊን (ድረ ገጽ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ይሻላል ብላ ነው።

ነፍስ ይማር፣ እህቴ። ፕለጊኑን ለጊዜው እንተወውና ሒሳብ እንሥራ። 212 በ3 ሲባዛ 636 ሰከንድ ነው፤ 10 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ። አባትሽን በጣም የሚወድ ሰው እንኳ ይህን ያህል ጊዜ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የሚቀመጠውም አይቶ አይጠግብም፤ ምክንያቱም አንድን ፊት ትኩር ብሎ ማየት ሲጀምር ማሽኑ ይነጥቀዋል።

ስላይድ ሾው ድሮ በፕሮጀክተር ነበር። በጣም የታወቀው የኮዳክ ካሩሰል 80 ስላይድ የሚይዝ ክብ ማስቀመጫ ነበረው፤ ማምረቱ የቆመው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። የማልረሳው ነገር ግን ማሽኑን ሳይሆን አጠገቡ የሚቆመውን ሰው ነው። ቁልፉ በእጁ ነው። «ይሄ ማን ነው?» ሲሉት ይቆማል። ሲስቁ ይጠብቃል። ሲያዛጉ ያልፋል። እኛ ማሽኑን ወደ ድረ ገጽ ስናመጣ ሰውዬውን ትተነው መጣን። በእሱ ቦታ 3 የምትል ቁጥር አስቀመጥን። 3 ሰከንድ ደግሞ ዓይናቸው ለደከመ አክስትሽ ታጥራለች፤ ለልጃቸው ትረዝማለች። ለማንም ልክ የሆነች ሰከንድ የለችም።

ስለዚህ ቁልፉን ለተመልካቹ ስጪው። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ በቃ። ይህ የእኔ አመል ብቻ አይደለም። የድረ ገጽ ተደራሽነት ዓለም አቀፍ መመሪያ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከሌላ ይዘት ጎን በራሱ ተነሥቶ ከ5 ሰከንድ በላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ማቆሚያ ይኑረው ይላል። በራሱ መዞሩ ሰው ይስባል ለሚሉም አንድ ቆጠራ ልንገራችሁ። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ገጽ ላይ የሚፈራረቁትን ፎቶዎች ጠቅ ያደረገው ከጎብኚው 1 በመቶ ገደማ ነበር። ከእነዚያም 84 በመቶው የነካው የመጀመሪያውን ነው። የኋለኞቹ ለራሳቸው ሲዞሩ ዋሉ።

ማሽከርከሩንም ተዪው። የሚዞርና የሚያጎላ ነገር ሲያዩ የሚያዞራቸው ሰዎች አሉ። ብልጭ ድርግም የሚል ደግሞ የባሰ ነው፤ በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ ከሆነ ለብርሃን ስሱ የሆነ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥለው ይችላል። የሙዚቃው ነገር ቀላል ነው። አብዛኛው ብሮውዘር ሰውየው ገጹን እስኪነካ ድረስ ድምፅ በራሱ እንዲጀምር አይፈቅድም። ቢፈቅድም፣ ማታ ሰው በተኛበት ቤት ገጽሽን የሚከፍት ሰው ያመሰግንሻል?

ዋናው ሥራ መምረጡ ነው። ከ212ቱ 25 አውጪ። እንደሚያምሽ አውቃለሁ። ከአንድ ቀን አምስት ፎቶ ካለ አንዱን ያዢ። የሚያምረውን ሳይሆን እሳቸውን የሚመስለውን። ቀሪዎቹን አትጣያቸው፤ ሌላ ገጽ ላይ በትንንሹ ደርድሪያቸው፣ የፈለገ ገብቶ ያያል።

ከዚያ ጻፊ። ማን ነው፣ የት ነው፣ መቼ ነው፣ ማን አነሳው። ፎቶውን ኮምፒውተር ይጠብቅልሻል። ከጀርባ ቆሞ የሚስቀው ሰውዬ ማን እንደሆነ ግን የሚያውቁት ሁለት ሦስት አዛውንት ናቸው፤ ደውለሽ ጠይቂያቸው፣ ዛሬ። ማየት ለማይችል ሰው ደግሞ ስክሪን አንባቢው፣ ገጹን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም፣ የሚያነበው «አልት» የሚባል ቦታ አለ። እዚያ የሚታየውን ጻፊ፤ «ኮት የለበሰ ወጣት በር ላይ ተደግፎ» እንደማለት። «ፎቶ 17» አይባልም።

ፕለጊኑን ረሳሁት። ወደፊትና ወደኋላ ያለው፣ በስልክ በጣት የሚገፋ፣ በቅርብ ወራት የታደሰ ማንኛውም ይሆናል። የመጨረሻውን አደራ። በ2014 እ.ኤ.አ. «ስላይደር ሪቮሉሽን» በተባለ የዎርድፕረስ (የታወቀ የድረ ገጽ መሥሪያ) ፕለጊን ክፍተት በኩል ከ100,000 በላይ ድረ ገጾች በማልዌር፣ ማለትም በጎጂ ፕሮግራም፣ እንደተበከሉ ተገምቷል። ክፍተቱ ቀድሞ ተደፍኖ ነበር፤ ብዙ ሰው ግን አላደሰም።

የዛሬ 15 ዓመት የሠራሁት ስላይድ ሾው አሁን ግራጫ ሳጥን ብቻ ነው። ምን ነካው?

ፍላሽ ነው። ኪስ ውስጥ የሚገባውን ፍላሽ ማለቴ አይደለም፤ ያኔ አኒሜሽን የሚሠራበትን የአዶቢ ፍላሽ ነው። አዶቢ በዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድጋፉን አቆመ፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ ማጫወቻው ራሱ እምቢ አለ። ራፍል የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ የቆዩ የፍላሽ ፋይሎችን ብዙ ጊዜ ያጫውታል። እኔም ያኔ አንድ ሠርቼ፣ ፎቶዎቹ «ገጹ ላይ አሉ» ብዬ ዋናዎቹን አጠፋኋቸው። የተረፉኝ ባለ 400 ፒክስል ናቸው፤ ፖስታ ቴምብር ይመስላሉ። እርስዎ ዋናዎቹ ካሉዎት ስላይድ ሾውን ይርሱትና እንደገና ይጫኗቸው።

ዋናዎቹ ፎቶዎች ያሉበት ሃርድ ዲስክ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀምሯል። ጓደኛዬ ፍሪዘር ውስጥ አስገባው አለኝ።

አታስገባው! ይህን እያነበብክ ዲስኩ ተሰክቶ ከሆነ አሁኑኑ ንቀለው። ያ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የሚያነበው ክፍል መጎዳቱን ያሳያል። እያበራህ በሞከርክ ቁጥር ፎቶዎቹ ያሉበትን የዲስኩን ገጽ ሊፍቀው ይችላል። ፍሪዘር ደግሞ እርጥበት ይጨምርበታል። «አንዴ ብቻ ልሞክር» አትበል። ከኢንተርኔት ያወረድከውን የማዳኛ ፕሮግራምም አታስነሳ፤ እሱ የጠፋ ፋይል ለመፈለግ እንጂ ለተሰበረ ዕቃ አይሆንም።

መረጃ ማዳንን ሥራው ያደረገ ባለሙያ ጋ ውሰደው። ኮምፒውተር ጠጋኝ ሁሉ ይህን ሥራ አይችልም። ከመስጠትህ በፊት ጠይቀው፤ ዲስኩን የሚከፍተው ከአቧራ በጸዳ ክፍል ነው? ካልተሳካስ ያስከፍላል? «እዚሁ ልክፈተው» ካለህ ዲስክህን ተቀብለህ ውጣ። ፎቶዎቹ ከዳኑ ሦስት ቦታ አስቀምጣቸው፤ አንዱ ከቤትህ ውጭ ይሁን። ድረ ገጽህ እንደ አንድ ቦታ አይቆጠርም፤ እዚያ ያሉት የተቀነሱት ናቸው።

አንድ የማላውቀው ሰው ድረ ገጼን አይቶ ቤቴ የት እንደሆነ ጻፈልኝ። ከፎቶ ሊታወቅ ይችላል?

ይችላል። ስልኮች ፎቶ ሲያነሱ ኤግዚፍ በሚባል የተደበቀ መረጃ ውስጥ ቀኑን፣ የካሜራውን ዓይነት፣ ሎኬሽን ክፍት ከሆነም ቦታውን ይጽፋሉ። ፋይሉን እንዳለ ከጫኑት አውርዶ ማንበብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ፎቶዎቹን አሁን ከገጹ ያስወግዷቸው፤ ኤግዚፉን አጥፍተው መልሰው ይጫኑ። ከስልኩ ካሜራ ላይም ሎኬሽኑን ይዝጉ። መልእክቱን ግን እንዳያጠፉት። ቃናው ካስፈራዎት ለፖሊስ ያሳዩ። «ቀልድ ነው» ብለው አይለፉት።

የሠርጋችንን ፎቶ ከፍለን ነው ያስነሳነው። ድረ ገጻችን ላይ ስናወጣው ፎቶ አንሺው ለምን አላስፈቀዳችሁኝም አለ። የእኛ አይደለም እንዴ?

ፊታችሁ የእናንተ ነው። የቅጂ መብቱ ግን በብዙ አገር፣ ውላችሁ ሌላ ካላለ በቀር፣ የአንሺው ነው። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ጠበቃ ጠይቁ። ከጠበቃው በፊት ግን ሰውዬውን ራሱን ደውላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ከፎቶው ሥር ስሙ እንዲጻፍለት ነው።

ስላይድ ሾውን በአማርኛ ምን እንበለው?

ስላይድ ሾው።