ልጄ ያው ሲስተር ናት፤ መመንኮስን ምን አመጣው?

ጥያቄ፦ አባ፣ እንደምን ሰነበቱ። ሐዋሳ የምኖር ካቶሊክ እናት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ በነርስነት ተመርቃ ጤና ጣቢያ ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነው። አሁን ደናግል ማኅበር ካልገባሁ ትላለች። ሕመምተኛ ማገልገል ከሆነ ዛሬም እያገለገለች ነው፤ ሰዉም «ሲስተር» ይላታል። አባቷ ዐርፏል፣ እኔም እየደከምኩ ነው። እግዚአብሔር እናትን ጥሎ መሄድን ይወዳል? እንዳትሄድብኝ ብዬ የጥምቀት ወረቀቷን ቆልፌባታለሁ። በደልኩ?

መልስ፦ እናቴ፣ ከስሙ እንነሣ። በአገራችን ነርሷም «ሲስተር»፣ መሐላ የፈጸመችው ድንግልም «ሲስተር» ትባላለች። ስሙ አንድ ሲሆን ሕይወቱም አንድ ይመስላል። ደናግልን የምናገኛቸውም እንደ ቡሹሎ ባለ የቤተ ክርስቲያን ጤና ተቋም፣ በመዋዕለ ሕፃናት ወይም በልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ስለሆነ፣ ምንኩስና ደመወዝ የሌለው ቅጥር ሆኖ ይታየናል። እንዲህ የሚያስብ ወላጅ ብዙ ነው። የከፋው ግን ልጅቷ ራሷ ይህንኑ አሳብ ይዛ ስትገባ ነው።

አገልግሎቱ ሥራው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ዐይኗ የፈዘዘ፣ ጉልበቷ የከዳት አሮጊት ድንግል ምን ቦታ ይኖራት ነበር? ቅድስት ዮሴፊና ባኪታን ያስቧት። በልጅነቷ ከዳርፉር ተሰርቃ በባርነት የተሸጠች ናት። ነጻ ከወጣች በኋላ ኢጣሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1896 በካኖሳውያን ደናግል ማኅበር መሐላ ፈጸመች። ሐኪምም መምህርትም አልነበረችም። ስኪዮ በምትባል ከተማ ምግብ አበሰለች፣ ልብስ ሰፋች፣ የገዳሙን በር ለመጣ ሁሉ ከፈተች። በመጨረሻም ሕመም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀመጣት። እ.ኤ.አ. በ1947 ዐረፈች፣ በ2000 ቅድስናዋ ታወጀ። በዚያ ወንበር ላይ በተቀመጠችባቸው ዓመታት አገልግሎቷ አልተቋረጠም፤ የሰጠችው ራሷን ነበርና።

እ.ኤ.አ. የ1983ቱ ሕገ ቀኖና (የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ መጽሐፍ) በቁጥር 663 የገዳማውያን ሁሉ የመጀመሪያና ዋና ግዴታ መለኮታዊ ነገሮችን ማሰላሰልና በጸሎት ዘወትር ከእግዚአብሔር ጋር መተባበር ነው ይላል። ክሊኒኩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰዓቱ ከቤት ቤት ቢለያይም የአገልግሎት ደናግል ቀን ይህን ይመስላል፦ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ መነሣት፣ ማሰላሰል፣ የነግህ ጸሎት፣ ቅዳሴ። ከዚያ ሥራ። ማታ የሠርክ ጸሎት፣ መቁጠሪያ፣ የጋራ እራት፣ የመኝታ ጸሎት፣ ዝምታ። ነገሩ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ተራ የሚጠብቀው ሕመምተኛ በዝቶ አንድ ቀን የሠርክ ጸሎት ይቀራል፤ ቀጥሎ ማሰላሰሉ ይቀራል፤ ከዚያ ልማድ ይሆናል። በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለችው እህት የደከመች፣ ደመወዝ የማታገኝ ነርስ ብቻ ሆና ትቀራለች፤ ስትወጣም መራራ ሆና ትወጣለች።

እርግጥ ምጥ የያዛት ሴት በሩን ስታንኳኳ ጸሎቱ ይቋረጣል። ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል የመሠረተውን ማኅበር ደናግል፣ ለድኻ ብላችሁ ጸሎት ብታቋርጡ እግዚአብሔርን ትታችሁ ወደ እግዚአብሔር ሄዳችሁ ማለት ነው ብሎ አስተምሯቸዋል። ይህን ማለት የምትችለው ግን ጸሎቱን የምታውቅ ናት።

የድህነት መሐላውን እንዳያድበሰብሱብዎ። ልጅዎ መሐላ ከፈጸመች በኋላ ሠርታ የምታገኘው ሁሉ፣ ደመወዝም ጡረታም፣ የማኅበሩ ነው (ቁጥር 668)። በየወሩ ለእርስዎ የምትልከው አይኖራትም። እናቷ ብትቸገር ለአለቃዋ ትናገራለች፣ ማኅበሩ እንደ ደንቡና እንደ አቅሙ ያያል፤ ከዚህ በላይ ተስፋ አይያዙ። በሌላ በኩል «የአባቷን ውርስ ቤተ ክርስቲያን ትወስዳለች» የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። በአብዛኛው የአገልግሎት ማኅበር ባለቤትነቱ ከእርሷ ጋር ይቆያል። ከመጀመሪያው መሐላ በፊት የሚያስተዳድርላትን ሰው ትመርጣለች፤ ከዘላለማዊው መሐላ በፊት ደግሞ በአገሩ ሕግ የጸና ኑዛዜ ታደርጋለች። ዕዳ ካለባትና መክፈል ካልቻለች አትገባም። ስለዚህ ዕቁብ ቀድሞ ወጥቶላት እንደሆነ ቀሪውን ትክፈል፤ የዩኒቨርሲቲውን የወጪ መጋራት ጉዳይም ትጨርስ።

ነገ ተነጥቃ አትሄድም። ከምልመላው ጊዜ በኋላ ቢያንስ 12 ወር የተመክሮ ቤት፣ ማለትም ከመሐላ በፊት በማኅበሩ ቤት ሆና ሕይወቱን የምትለማመድበት ጊዜ፣ አለ። በዚያ ጊዜ ከሦስት ወር በላይ ከቤቱ ከራቀች ተመክሮው ይፈርሳል፤ ስለዚህ ለሠርግም ለለቅሶም ነይ እያሉ አያስቸግሯት። ከዚያ ቢያንስ ሦስት ዓመት ጊዜያዊ መሐላ፣ ቀጥሎ ዘላለማዊው። በተመክሮ ሳለች በፈለገች ቀን መውጣት ትችላለች፤ ጊዜያዊው መሐላ ሲያበቃም እንዲሁ። ብትመለስ ውርደት አይደለም፤ እባክዎ ጎረቤትም እንዲህ እንዳይላት እርስዎ ቀድመው ይቁሙላት።

አሁን ወደ እናትነትዎ። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ፣ ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው» (ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው) ብለው የሚከለክሉትን በብርቱ ገሥጿል። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስም በዚሁ መንገድ፣ ወላጅ ያለ ልጁ ርዳታ መኖር የማይችል ከሆነ ልጁ ጥሎት ሊመነኩስ አይገባም ይላል። ስለዚህ እውነቱን ለራስዎ ይመልሱ። የሚበሉትና የሚታከሙበት በእርሷ ደመወዝ ብቻ ከሆነ ይንገሯት፤ ታናናሾቿ ራሳቸውን እስኪችሉ ዓመት ሁለት ዓመት ትቆይ። መቆየቷ ጥሪዋን አይሽረውም። የሚያስፈራዎ የቤቱ ጭር ማለት፣ የልጅ ልጅ አለማየትና የሰው አፍ ከሆነ ግን፣ ያ ናፍቆት ነው፤ ናፍቆት ደግሞ ችግር ተብሎ አይቆጠርም። አግብታ ድሬዳዋ ብትሄድ ኖሮ እያለቀሱ መርቀው ይሸኟት አልነበረም?

ወረቀቱን መቆለፍዎ በደል ነው፤ በእግዚአብሔርና በእርሷ መካከል መግባት ነውና። ማኅበሩ የጥምቀት፣ የሜሮንና ያላገባች ስለመሆኗ ማስረጃ ይጠይቃታል። ቢቆልፉትም መዝገቡ በተጠመቀችበት ቁምስና ስላለ ቆሞሱ ሌላ ግልባጭ ይጽፍላታል። ግን ከቁምስናው ጽሕፈት ቤት ሄዳ ከምታመጣው፣ ዛሬ ማታ ከቁም ሣጥኑ አውጥተው በእጅዎ ይስጧት።