«ማዕተብ አስረው ይህን እንዴት ያስተምራሉ?»

ጥያቄ፦ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም አገለግላለሁ። ስለ ሰው አዝጋሚ ለውጥ የሚናገረውን ምዕራፍ ሳስተምር አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ ማዕተብ አስረው ይህን እንዴት ያስተምራሉ?» ቢለኝ መልስ አጣሁ። ይህን የሰማ አንድ የማኅበራችን ወንድም ደግሞ፣ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ብሎ ለሚያስተምር ቅዳሴ ምን ያደርግለታል?» ሲል ተሳለቀብኝ። እኔም ተናድጄ፣ «አንተማ ገና አልተለወጥክም» አልሁት። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈምና ከቅዱስ ቁርባን ርቄአለሁ። በማስተምረው ትምህርት ንስሓ መግባት ይገባኛልን?

መልስ፦ ወንድሜ ሆይ፣ በጥያቄዎ ውስጥ ያለው እሾህ ብዙ ነው፤ ነገር ግን «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች እንደምትባለው ዝንጀሮ፣ አስቀድሞ የሚጠዘጥዘውን መንቀል ይሻላል። የንስሓንና የቁርባንን ሥርዓት በሚገባ ስለሚያውቁት አልመለስበትም።

«ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የሚለው አነጋገር በዐውደ ምሕረት ሲነቀፍ ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁ አልቆጥረውም፤ በወጣትነቴ እኔም ነቅፌዋለሁ። እርስዎ እንደሚያውቁት ግን የዘርፉ ሊቃውንት ዛሬ በስሜን ተራሮች ሣር የሚግጠው ጭላዳ ተለውጦ ሰው ሆነ አላሉም። እነርሱ የሚሉት፣ ሰውና ቺምፓንዚ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከኖረና ዛሬ በምድር ላይ ከሌለ የጋራ ቅድመ አያት ተለያይተው ወረዱ፣ የዝንጀሮና የጭላዳ የዘር ሐረግ ደግሞ ከዚያ እጅግ ቀድሞ ተለይቶ ነበር ነው። ከስሕተቱ ከፊሉ የመጣው ከቋንቋችን ይመስለኛል። አገራችን ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ጉሬዛና ጭላዳ አላት፤ ጅራት የሌላቸው እነ ቺምፓንዚና ጎሪላ ግን በዱሯ ስለማይገኙ አባቶቻችን የወል ስም አላወጡላቸውም። ትምህርቱ ወደ አማርኛ ሲገባ ያገኘውን ስም ለበሰ፤ ያ ስም ደግሞ በእኛ ዘንድ ስድብ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን የመረመርን እየመሰለን ስድቡን ስንመልስ ኖርን። «በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ የምንመሰክርበት ሰው በሃይማኖት የማይመስለን በሚሆንበት ጊዜ አይሻርም፤ እምነትን ለመጠበቅ ሲባል ሰው ያላለውን ብሏል ማለትም እምነትን አይጠብቅም።

የሚገርመኝ ደግሞ፣ ይህን ትምህርት በጽኑ የሚረግመው ያው ሰው የውጭ እንግዳ ሲመጣ «የሰው ዘር መገኛ ነን» ብሎ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ይዞ መሄዱ ነው። በዚያ ያለችው ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ የተሰጣት፣ ከአጥንቷ 40 በመቶ የሚሆነው የተሰበሰበላት ናት። እርሷን ሔዋን ናት የሚሉ ሰባክያንም ሰምቻለሁ። ይህ ከሳይንሱም ከመጽሐፉም አይደለም። ሊቃውንቱ ስለ እርሷ የሚሉት በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደ ነበረና የአንጎሏ መጠን ግን ከቺምፓንዚ ብዙም እንደማይበልጥ ነው። በኩራት ጊዜ የምንቀበለውን አጥንት በክርክር ጊዜ ሐሰት ነው ማለት ተገቢ አይደለም።

በብዙ ምእመናን ልብ የተቀመጠው ትልቁ ስሕተት ግን ከዚህ በታች ያለው ነው። ክብራችን በተሠራንበት ነገር ላይ የቆመ ይመስለናል፤ ከእንስሳ ጋር ዝምድና አላችሁ ስንባልም ልጅነታችን የተገፈፈ ያህል እንደነግጣለን። ኦሪት ግን «እግዚአብሔር አምላክም ሰውን ከምድር አፈር አበጀው፤ በአፍንጫውም የሕይወት እስትንፋስን እፍ አለበት» ትላለች። አፈር ከዝንጀሮ ይበልጣልን? ዝንጀሮ ልጇን አዝላ ገደል ትወጣለች፣ ለልጇም ትደነግጣለች፤ አፈር ይህን ሁሉ አያውቅም። «አፈር ነህና ወደ አፈርም ትመለሳለህ» የሚለውን ቃል በየቀብሩ እየሰማን ያላፈርን ሰዎች ዝንጀሮ በተነሣ ጊዜ የምናፍረው፣ መጀመሪያውኑ ቃሉን ስላልሰማነው ይሆንን? ሰው ከአፈር መበጀቱ በተጻፈበት በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ የምድር አራዊትም ከመሬት እንደ ተደረጉ ተጽፏል፤ የምድር እንስሳትና ሰው የተፈጠሩትም በአንዲት ዕለት፣ በዕለተ ዓርብ ነው። በሥጋችን ጎረቤቶቻቸው መሆናችን አዲስ ወሬ አይደለም።

አባቶቻችን አርአያ እግዚአብሔርን፣ ማለትም ሰው የተፈጠረበትን የእግዚአብሔርን መልክ፣ የፈለጉት በነፍስ ውስጥ ነው። ነፍስ ለባዊት (የምታስብ)፣ ነባቢት (የምትናገር)፣ ሕያዊት (በሕይወት የምትኖር) ናት ሲሉ፣ ልብን በአብ፣ ቃልን በወልድ፣ እስትንፋስን በመንፈስ ቅዱስ መስለው አስተምረውናል። ይህ አርአያ በሐዳር አሸዋ ውስጥ ሊገኝም ሊታጣም አይችልም፤ ቆፋሪውም እርሱን ፍለጋ አልሄደም። በሁለት እግር መቆም ብቻውን አርአያ ቢሆን ኖሮማ ዶሮም ትቆማለች። ዳዊት፣ «ሰው ግን ክቡር ሆኖ ሳለ አያውቅም፤ እንደሚጠፉ እንስሶች መሰለ» ሲል ሰውን እንስሳ ያስመሰለው የዘር ሐረጉ አይደለም፤ ክብሩን አለማወቁ ነው።

ቤተ ክርስቲያን አዳም አባታችን መሆኑን፣ በእርሱ መውደቃችንንና በዳግማዊው አዳም በክርስቶስ መነሣታችንን ታስተምራለች፤ ከዚህ አንዲት ፊደል አልቀንስም። የሳይንሱ ሊቃውንት የሚቆጥሩትን ዘመን ከአዳም ታሪክ ጋር በአንድ ሰሌዳ ላይ አስታርቄ እንዳቀርብልዎ ግን አይጠብቁኝ። እንዲህ ያለ ማስታረቂያ የሚያዘጋጁ አሉ፤ አዲስ አጥንት በተቆፈረ ቁጥር ስብከታቸውን ሲጠግኑ ይኖራሉ። በቅዳሴ የምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት ሰማይንና ምድርን፣ የሚታየውንና የማይታየውን በፈጠረ በአንድ አምላክ እንደምናምን ይናገራል እንጂ፣ ፈጣሪ አፈሩን በእጁ ይዞ ስንት ዘመን እንዳበጀው አይናገርም።

እንግዲህ ክፍልዎ ገብተው ትምህርቱን ሳያጣምሙ፣ ሳያፌዙበትም ያስተምሩ። «ስለዚህ ፈጣሪ የለም» የሚል ቢነሣ ግን፣ ያ ቃል ከአጥንቱ እንዳልወጣና ተናጋሪው ከራሱ እንደ ጨመረው ለተማሪዎችዎ ያመልክቱ፤ ይህ የባዮሎጂ መምህርነትዎም ግዴታ ነው። ስለ ማዕተቡ የጠየቀዎትን ልጅ ፈልገው ያነጋግሩት፤ ጥያቄው የድፍረት አይመስለኝም፣ ምናልባት የራሱን ማዕተብ ሊበጥስ ያሰበ ልጅ ይሆናል። ማዕተቡን ያሰሩት ስለ ፈጠረዎትና ስለ ተሰቀለልዎ ጌታ እንደ ሆነ፣ ስለ አጥንት ዕድሜ ለመከራከር እንዳላሰሩት ይንገሩት።

በትምህርቱ ምክንያት ከቅዱስ ቁርባን መራቅ አይገባዎትም ነበር፤ ያ ወንድምም እርስዎን ከቅዳሴ የመለየት ሥልጣን አልነበረውም። ለንስሓ አባትዎ የሚነግሩት ነገር ካለ፣ «ገና አልተለወጥክም» ያሉትን ቃል ይንገሯቸው። እርሱ ሰውነትዎን በዝንጀሮ ሰደበው፤ እርስዎም በዚያው መልሰው ሰደቡት፤ ያን ጊዜ ሁለታችሁም በወንድማችሁ ላይ ያለውን አርአያ አላያችሁም። ጌታችን «አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ብሎአልና እስከ እሑድ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ቤቱ ይሂዱ። በር ላይ ቢያቆምዎትም ይቅርታውን ጠይቀው ይመለሱ፤ እሑድ ግን ከቅዳሴው እንዳይቀሩ።