ለአሮጌዋ የካምፕ መኪና ጋዝ፦ ቴፍሎኑ ይቆይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች የጀርመን የካምፕ መኪና (ምድጃ፣ ፍሪጅና መኝታ ያላት) ገዝተህ ጣና ዳር አቁመሃል። ሲሊንደሩን ስትከፍት ምድጃው ሥር ጋዝ ይሸታል። በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅም እሳቱ ይያዝና ቁልፉን ስትለቀው ይጠፋል። ከገበያ አዲስ ሬጉሌተር (የሲሊንደሩን ግፊት የሚቀንሰውን ዕቃ) ገዝቼ፣ መጋጠሚያዎቹን በቴፍሎን (ክር ላይ በሚጠቀለለው ነጭ ፕላስተር) ጠቅልዬ ብጨርሰውስ ነው ያልከው።

እባክህ እንደዚያ አታድርግ። ሥራዬ የሆቴል ኩሽና ጋዝ መዘርጋትና መጠገን ነው፣ እንዲህ ያሉ መኪኖችንም እዚህ ባሕር ዳርም ጎርጎራም ሠርቻለሁ። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሳይለኩ ዕቃ ከመቀየር ነው።

መጀመሪያ ሬጉሌተሩ። ሬጉሌተር ሁሉ አንድ አይደለም። የዚያ ዘመን የጀርመን መኪኖች ምድጃና ፍሪጅ በአብዛኛው በ50 ሚሊባር ግፊት ነው የሚሠሩት። ለቤት ምድጃ የሚሸጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ 30 ሚሊባር ነው። 50 ለሚፈልገው 30 ብትሰጠው ነበልባሉ ይደክማል፣ ፍሪጁም በደንብ አያቀዘቅዝም። 30 ለሚፈልገው 50 ከሰጠኸው እሳቱ ይረዝማል፣ ጥቀርሻ ይሠራል። ለሆቴል ትልቅ ምድጃ የሚሸጠውን የከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር ግን ጭራሽ እንዳታስበው። ትክክለኛው ቁጥር በየዕቃው ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። የፍሪጁ አብዛኛውን ጊዜ በሩን ስትከፍት ውስጥ ግድግዳው ላይ ናት።

ጎማውን ሳታመነታ ቀይረው። ላስቲክ በፀሐይና በዕድሜ ይደርቃል፣ አጠፍ ስታደርገው ጥቃቅን ስንጥቅ ካየህበት አልቆለታል። ስትገዛ ጋዝ ተብሎ የታተመበትንና የተመረተበት ዓመት ያለበትን ውሰድ፣ የውኃ ጎማ አይሆንም። ጫፉን በሽቦ ሳይሆን በፋሼታ (በብሎን በሚጠብቅ የብረት ማሰሪያ) እሰረው።

ቴፍሎኑን በተመለከተ፣ በእነዚህ መኪኖች ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ጋዙን የሚያሽገው ክሩ አይደለም። ቱቦው ላይ የነከሰችው ቀለበት ናት፣ ክሩ የሚያደርገው መጫን ብቻ ነው። ቴፍሎን ስትጠቀልልበት ቀለበቷ በደንብ እንዳትቀመጥ ታደርጋለህ። እንዲያውም ቁራጩ ተበጥሶ ገብቶ የጋዝ መውጫዋን ቀዳዳ ሊደፍናት ይችላል። መጋጠሚያዋ የምታፈስ ከሆነ በሁለት መፍቻ ቁልፍ ይዘህ በቀስታ አጥብቃት፣ እምቢ ካለች ቀለበቷንም ቱቦውንም ቀይር። ከአዲስ አበባ በአባይ በረሃ ወርዶ የወጣ መኪና ንዝረቱ መጋጠሚያ ያላላል፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

አሁን ዋናው፣ ልኬቱ። መሣሪያ ባይኖርህም ይቻላል። ሁለት ሜትር የሚሆን ወደ ውስጥ የሚያሳይ ቀጭን ጎማ ፈልግ፣ አጥፈህ ሁለቱን እግሮች ቀጥ አድርገህ ሰሌዳ ላይ እሰረው፣ እስከ ግማሹ ውኃ ሙላው። አንዱን ጫፍ ከሬጉሌተሩ በኋላ ካለው የጋዝ መስመር ጋር አገናኘው፣ የምድጃውንና የፍሪጁን ቧንቧ ዝጋና ሲሊንደሩን በዝግታ ክፈት። በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው የውኃ ልዩነት 50 ሴንቲሜትር ከሆነ ግፊቱ 50 ሚሊባር ገደማ ነው፣ 30 ሴንቲሜትር ከሆነ ደግሞ 30። ውኃው ከዚያ አልፎ ሽቅብ መውጣቱን ካላቆመ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፣ ወዲያው ዝጋው። ከቆመ ሲሊንደሩን ዝጋና 10 ደቂቃ ጠብቅ። ውኃው ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ በሳሙና አረፋ ፈልገው። በክብሪት የሚፈልግ ሰው ካለ ከመኪናዋ አርቀው። ይህን ሁሉ ውጭ፣ በርና መስኮት ከፍተህ፣ ባትሪውን ፈተህ ሥራ።

አንድ ነገር አደራ። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ለዚያ ሲባል የሲሊንደሩ ሳጥን ሥር ክፍት ቀዳዳ አለ፣ ወለሉም ላይ ይኖራል። እዚህ ትንኝና አቧራ እንዳይገባ ብለው በጨርቅ የሚወትፉት አሉ። ያ ቀዳዳ ከተደፈነ ያፈሰሰው ጋዝ መውጫ የለውም፣ የተኛ ሰው እግር ሥር ይከማቻል። ወንፊት ሽቦ ግጠምበት፣ ትንኙም አይገባም።

ወደ ፍሪጁ ስመጣ፣ ቁልፉን ስትለቅ የሚጠፋው ምናልባት ቴርሞካፕሉ ነው። ጫፉ በእሳቱ ሲሞቅ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ የጋዙን በር ከፍቶ የሚይዘው እሱ ነው። እሳቱ ከያዘ በኋላ ቁልፉን ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭነህ ቆይ። አሁንም ከጠፋ ጫፉ እሳቱ ውስጥ መሆኑን እይ፣ ጥቀርሻውን ጥረግ፣ ካልሆነ ቀይረው፣ ውድ ዕቃ አይደለም። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ላይ ሸረሪትም ማቃጠያው ውስጥ ድር ትሠራለች። የጋዝ መውጫዋን ቀዳዳ በመርፌ አትጎርጉራት፣ ትሰፋለች። አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈህ በአየር ንፋት። ፍሪጁ ሲሠራ መኪናዋ ደልደል ባለ ቦታ ትቁም፣ ያዘነበለ ቦታ ላይ አያቀዘቅዝም። ከኋላው ቢጫ ፈሳሽ ወይም የአሞኒያ ሽታ ካለ ግን የማቀዝቀዣው ክፍል ራሱ ስለፈሰሰ በዚህ ላይ አትድከም።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ስለዚህ የእሳቱ ጫፍ ትንሽ ቢጫ ቢሆን ግፊቱን ለመጨመር አትቸኩል። ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆነና ድስት ካጠቆረ ግን አየር አንሶታል ማለት ነው። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ያው በተዘጋ ቤት ከሰል አድርገው የተኙትን የሚገድለው። ምድጃውን ለማሞቂያ ብለህ ለኩሰህ አትተኛ። ስትነዳም ሲሊንደሩ ከላይ ይዘጋ።

የፍሪጁንና የምድጃውን ሰሌዳ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍልኝ። ቁጥሩን አይቼ የትኛውን ሬጉሌተር እንደምትገዛ እነግርሃለሁ፣ እስከዚያ ሲሊንደሩን ፈተህ ከመኪናዋ ውጭ አስቀምጠው።