ሜሴንጀሬን ሳላጣ ከስልክ ልረፍ?

ጥያቄ፦ ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ ቤቴ ደሴ ነው። ማታ ቲክቶክ ስከፍት ሳላስበው እኩለ ሌሊት ያልፋል። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል። ሁሉንም ላጥፋ እንዳልል እናቴ የምታገኘኝ በሜሴንጀር ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ራስሽን አትውቀሺ። ገጹ ወደ ታች ቢገፋ ቢገፋ ማለቂያ ያጣው ሆን ተብሎ ነው። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2006 የፈጠረው የቴክኖሎጂ ንድፍ ባለሙያው አዛ ራስኪን ራሱ በኋላ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። የአንቺ ስንፍና አይደለም።

ስለ እናትሽ አትጨነቂ። ፌስቡክን ለጊዜው ብትዘጊውም ሜሴንጀር መሥራቱን ይቀጥላል። ለጊዜው መዝጋትና ለዘለቄታው ማጥፋት ግን ይለያያሉ። ማጥፋትን መርጠሽ በ30 ቀን ውስጥ ሐሳብሽን ካልቀየርሽ አካውንትሽም ሜሴንጀርሽም ይሄዳሉ። አደራ፣ ከመጫንሽ በፊት አንብቢው!

ቲክቶክን ከስልክሽ አንሺው። አካውንትሽ አይጠፋም፣ ስትፈልጊ ትመለሺያለሽ። ከሁሉ በላይ ግን ስልኩ መኝታ ቤት አይደር። ለመቀስቀሻ ከፒያሳ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዢ። የደሴ ብርድ ብርድ ልብስ ውስጥ ስለሚከት፣ ስልኩ አጠገብሽ ካለ እጅሽ መሄዱ አይቀርም። እኔ ይሄን ነገር በጣም አምንበታለሁ።

ማታውንም ባዶ አትተዪው። ጎረቤት ቡና ሲጠራሽ ሂጂ። ለእናትሽ ከመጻፍ ይልቅ ደውዪላት፣ ድምፅሽን ትስማ። የመሥሪያ ቤቱን የቴሌግራም ግሩፕ ድምፁን ዝጊው። አስቸኳይ ነገር ከመጣ ይደውሉልሻል።