ለወጣት የእንስሳት ሐኪሞች፦ የሚጠብቅና የማይጠብቅ በሽታ

ልጆቼ፣

ቢሾፍቱም ተማሩ ጎንደር፣ ቀዶ ጥገና ክፍል ስትገቡ ዓይናችሁ ቀድሞ የሚያርፈው ምላጩ ላይ ነው። አይፈረድባችሁም። እኔ ግን ከእጅ ቅልጥፍና በፊት አንድ ጥያቄ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፦ ይሄ በሽታ ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም?

ያልመከነች ሴት ውሻ መጣች እንበል። ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ምግብ ትታለች፣ ደክማለች። ባለቤቷ «ምግቡ ሰልችቷት ይሆናል» ይላሉ። የወንድ ፍላጎቷ መቼ እንደነበር ጠይቋቸው። ካለፈ አንድ ወይም ሁለት ወር ከሆነው፣ ማህፀኗ መግል ይዞ እንደሆነ ጠርጥሩ። ፈሳሽ ካልወጣት ደግሞ አትዘናጉ። የማህፀኗ በር ተዘግቶ መግሉ ውስጥ የሚጠራቀምባት ናት ይበልጥ የምታሰጋው። በደም ሥር ፈሳሽ ስጧት፣ አቅሟን መልሱላት፣ ከዚያ ማህፀኗንና የእንቁላል ማምረቻዋን አውጡ። ለሳምንት ቀጠሮ የሚሰጥበት በሽታ አይደለም።

ፈረስ ሌላ ዓለም ነው። በውጭ አገር የተሠሩ ትላልቅ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ የሆድ ቁርጠት ከሌለባቸው ፈረሶች እንኳ ከመቶ አንዱ ገደማ በማደንዘዣው ሳቢያ ይሞታል። ውሻ ላይ ከሺህ ሁለት አይሞላም። ከባድ ሰውነቱ መሬት ላይ ሲተኛ ጡንቻውንና ሳንባውን ይጫናል፤ ሲነቃም ደንብሮ ለመነሳት ሲታገል እግሩን ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ ፈረስ ለማስተኛት አትቸኩሉ።

የሆድ ቁርጠት ከያዛቸው ፈረሶች አብዛኞቹ ያለ ቀዶ ጥገና ይድናሉ። ፈረስ ማስመለስ ስለማይችል ጨጓራው ከሞላ በአፍንጫው በኩል ቱቦ አስገብታችሁ አስተንፍሱት። ማስታገሻ ወስዶም ሕመሙ ከተመለሰ፣ የልብ ምቱ እየጨመረ ከሄደ፣ ድዱ ከጠቆረ፣ አንጀቱ ተጠማዝዞ ሊሆን ይችላል። ሆድ ከፍቶ የሚያክም ቦታ በአቅራቢያ ከሌለ እውነቱን ለባለቤቱ ንገሩት። ሳይሰቃይ እንዲያርፍ ማድረግም ሕክምና ነው። ይህን ለመናገር ድፍረት ይጠይቃል፤ ፈረሱ የቤተሰቡ እንጀራ ነውና።

የጋሪ ፈረስ ቁስል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዝታችሁ የምታዩት እሱን ነው። ከጉልበት በታች ቆዳው ውጥር ነው፣ ሥጋ የለውም። ቁስሉ ሲቆይ ቀይ ትርፍ ሥጋ ያበቅልና ቆዳው እንዳይገጥም ይከለክላል። ትርፉን ሥጋ ስትቆርጡት ነርቭ ስለሌለው አያመውም፣ ደሙ ግን ብዙ ነው፤ የሚጫን ፋሻ አዘጋጁ። በጋለ ብረት መተኮሱ ቁስሉን ያሰፋዋል እንጂ አይጠቅምም፤ ይህን በትዕግሥት አስረዱ። መንጋጋ ቆልፍ ፈረስን ክፉኛ ያጠቃልና መከላከያውን አትርሱ።

ከዚያ ባለጋሪውን አጠገባችሁ አስቀምጡና ፈረሱ ስንት ቀን ቢያርፍ እንደሚችል ጠይቁት። ሦስት ቀን ካለ፣ በሦስት ቀን የሚሆነውን አብራችሁ አስቡ። ፋሻውን በገዛ እጁ ፈትቶ እንዲያስር አድርጉትና ቀጠሮ ስጡት።