«ጭንቅላቴን ከፍተው ይዩት»

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። የምጽፍላችሁ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በርኖስ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ፓርኪንሰን የሚባለው የአንጎል በሽታ ከያዘው ስድስት ዓመት ሆነው። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ሲያርፍ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው ይፋተጋሉ፤ ሲኒ ሊያነሳ ሲዘረጋው ደግሞ ጋብ ይልለታል። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ «ስሞት ሐኪሞች ጭንቅላቴን ከፍተው ይዩት፣ ለሌላው ይበጅ እንደሆን» አለ። እናቴ «በስመ አብ!» ብላ ተነሥታ ወጣች። እውነት እንዲህ ያለ ነገር አለ? አስከሬኑስ ምን ሆኖ ነው የሚቀበረው?

መልስ፦ አለ እንጂ! እንዲያውም አባትሽ የሚውጠው ክኒን ሌቮዶፓ ከሆነ (አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው) የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ኦሌህ ሆርኒኪየቪች የሚባል ተመራማሪ ቪየና ላይ ከባልደረባው ጋር በዚህ በሽታ የሞቱ ሰዎችን አንጎል መረመረና ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ክፉኛ ጎድሎ አገኘው። በዓመቱ ሰውነት ወደ ዶፓሚን የሚለውጠው ሌቮዶፓ ለሕመምተኞች ተሰጠ፤ ከአልጋ መነሣት ያቃታቸው ተነሥተው ሄዱ። ይህን ለእናትሽ ንገሪያት።

ስለ አስከሬኑ አትስጊ። ሐኪሙ ቆዳውን የሚከፍተው ከኋላ በኩል ነው፣ ከዚያ ይሰፋል። ፊቱ አይነካም። ተገንዞ፣ ፍትሐት ተደርጎለት፣ እንደ ማንኛውም ሰው ይቀበራል። አንጎሉን ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፍሉታል፦ ግማሹ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። የጤነኛ ሰው አንጎልም ይፈለጋል፣ ያለሱ በምን ያነጻጽሩታል?

አሁን ወደሚያስቸግረው ልምጣ። አንጎል ቶሎ ይበላሻል፣ በአንድ ቀን ግፋ ቢል በሁለት ቀን ውስጥ መነሣት አለበት። ስለዚህ የውጭዎቹ የአንጎል ባንኮች (አንጎል ለምርምር የሚያስቀምጡ ተቋማት) የሚቀበሉት በአቅራቢያቸው ያለውን ሰው ነው። በአፍሪካ ናይጄሪያ ውስጥ ኢባዳን ላይ አንድ አለ። እኛ ጋ ግን በ1995 ዓ.ም. እንደተቋቋመው የዐይን ባንክ ሄደሽ ቃል የምትገቢበት የአንጎል ባንክ የለም። ቢኖርስ? ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ አንቺው ታውቂዋለሽ፣ ዕድሩ ድንኳን ተክሎ፣ ለቀስተኛው ተሰብስቦ፣ ቀብሩ ለነገ እየተባለ ማን አስከሬን ይዞ ይወርዳል?

ዋሽቼ ተስፋ አልሰጥሽም። ግን የአባትሽ ሐሳብ ዛሬም፣ በቁሙ እያለ፣ ሥራ አለው። ደብተር ግዢ። መንቀጥቀጡ በየትኛው እጅ ጀመረ? ከዚያ በፊት የቡናው ሽታ ጠፍቶበት ነበር? ሆድ ድርቀትስ? እነዚህ ሁለቱ በብዙ ሰው ላይ መንቀጥቀጡን በዓመታት ይቀድሙታል። ክኒኑን በስንት ሰዓት ወስዶ በስንት ሰዓት እንደሚለቀው ጻፊ። ለቀጠሮው ቀን ደብተሩን ራሱ ይያዘው፣ ለሐኪሙም በገዛ እጁ ይስጠው።