የእናቴን ደስታ የምገድለው እኔ እሆን?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎ ከአራት ኪሎ ነው። እናቴ በጽኑ ታማ ተኝታለች፤ ትዕግሥቴን ያስጨረሰኝ ግን ሕመሟ ብቻ ሳይሆን ደስታዋ ነው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ትላለች፣ ቡና ይፈላ ትላለች፣ ጎረቤቶቿ እንባ ሲተናነቃቸው «እግዚአብሔር ያውቃል፣ አታልቅሱብኝ» ብላ ትስቃለች። ሰዉ በእምነቷ ጽናት ተደንቆ ይሄዳል፤ ሌሊት የጋቢዋን ጫፍ ነክሳ ስታቃስት የምሰማት ግን እኔ ነኝ። ማስታገሻውን ስሰጣት «ለባሰ ቀን ይቀመጥ» ትለኛለች። እሷ እንዲህ እየሳቀች እኔ ማዘኔ የእምነት ጉድለት ሆኖ ይሰማኛል፤ አንዳንዴም በሳቋ እበሳጫለሁ። በቅርቡ የንስሐ አባቷን እንድጠራላት ደጋግማ ጠይቃኝ ነበር፤ ትደነግጣለች ብዬ «ሥራ በዝቶባቸዋል» አልኳት። ውጭ አገር ያለው ወንድሜም ተስፋ እንዳትቆርጥ ምንም አትንገሪያት ይላል። ካንሰሩ ወደ ጉበቷ መሰራጨቱንና ከዚህ በኋላ የሚያድን ሕክምና አለመኖሩን ሐኪሙ የነገረው ለእኛ ለልጆቿ ብቻ ነው። ደስታዋ ይህን ባለማወቅ ላይ የቆመ ቢሆንስ? ብነግራት የምገድለው እኔ አልሆንም?

ልጇ፣ ከአራት ኪሎ

እኅቴ ሆይ፣

ትደነግጣለች ብለሽ በአንድ ዐረፍተ ነገር ባለፍሽው ጉዳይ ላይ እቆማለሁ። እናትሽ የንስሐ አባታቸውን ደጋግመው ጠይቀዋል። በጽኑ የታመመ ክርስቲያን ቄስ ጥሩልኝ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አንቺም አታጪውም። እናትሽ ያውቃሉ፤ የደነገጥሽው አንቺ ነሽ። ይህን ስልሽ ልቤ እያዘነልሽ ነው፤ ነገር ግን ሐዋርያው ያዕቆብ «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ወደ እርሱ ይጥራ» ሲል የመጥራቱን ፈንታ የሰጠው ለታማሚው ነውና፣ ያን መብት ከእናትሽ እጅ የመንጠቅ ሥልጣን ማንም አልሰጠሽም። መናዘዝም፣ ቀንዲል መቀባትም፣ ሥጋ ወደሙ መቀበልም አእምሮ ሳይደክም ቢፈጸም ይሻላል፤ ጉበት ሲደክም ደግሞ አእምሮም ሊደነዝዝ ይችላል።

ስለ ደስታቸው አትስጊ። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ብሎ የጻፈው በእስራት ሆኖ፣ ስለ ሞቱም በግልጽ እየተናገረ ነበር። በዚያው መልእክት፣ የአገልግሎት ወዳጁ አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ እንደ ነበር ካወሳ በኋላ፣ ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርበት እግዚአብሔር እንደማረው ጽፏል። ደስ ይበላችሁ ያለው ሰው ስለ ወዳጁ ማዘኑን ካልደበቀ፣ አንቺ ስለ እናትሽ ብታለቅሺ እምነት ጎደለሽ የሚልሽ ማን ነው? እሳቸው ፊት አልቅሺ። በየበኩላችሁ ስትደባበቁ እናትና ልጅ ሳትገናኙ ጊዜው እንዳያልፍ እፈራለሁ።

የሐኪሙን ቃል በአንድ ጊዜ አትዘርግፊባቸው። ጠያቂ በሌለበት ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጠሽ «እማዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ልንገርሽ?» በያቸው፤ ንገሪኝ ካሉ ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው፣ አልፈልግም ካሉ ደግሞ ተያቸው።

የሌሊቱን ሕመም ግን ዛሬውኑ ለሐኪሙ አሳውቂ። ሥቃይን ነክሶ ማደር የእምነት መለኪያ አይደለም። እንደ ሞርፊን ያለው ማስታገሻ የካንሰርን የማያቋርጥ ሕመም በደንብ የሚቆጣጠረው ሰዓቱን ጠብቆ ሲወሰድ እንጂ ለባሰ ቀን ሲቀመጥ አይደለም፤ ጉበታቸው ስለ ተጎዳ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን፣ የሆድ ድርቀት ስለሚያስከትልም ማለስለሻ አብሮ ይዘዝላቸው። እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ይረዳልና እሱንም ጠይቂ።

ለንስሐ አባታቸው ነገ ሳትይ ደውዪላቸው። ወንድምሽም ለቀብር የሚቆርጠውን ቲኬት አሁን ቆርጦ፣ እናቱ ሊያናግሩት በሚችሉበት ጊዜ ይምጣ።